የአማቴ ደረቅ ወይን

አማታችሁ ግቢ የምትኖሩ ወንዶች ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አታንብቡት። እኔም የምጽፈው ላሊበላ፣ እትዬ ዝናሽ ግቢ፣ ዶሮ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን አጥፍቼ ነው። ለምን ዶሮ ቤቱ ጥግ እንደሆነ ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ። ለጊዜው እትዬ ዝናሽ የሚስቴ የብርቄ እናት መሆናቸውን፣ ቤቱ የሳቸው፣ ግቢው የሳቸው፣ ዶሮዎቹም የሳቸው መሆናቸውን፣ በግቢው ውስጥ የእኔ የሚባል ንብረት ደግሞ አንዲት እግሯ የተነቃነቀ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ መሆኗን ያዙልኝ።

ወንበሯም ብትሆን የምትቀመጠው በእሳቸው ወይን ሥር ነበር። ወይኑ አጥሩን ይዞ ወጥቶ፣ ከአጥሩ ወደ ማድ ቤቱ ቆርቆሮ ተሻግሮ የተንሰራፋ አሮጌ ሐረግ ነው። ጥላው ለጉድ ነው። ፍሬው ግን ትንሽ፣ ጥቁር፣ ቆዳው ወፍራም፣ ከሥጋው ዘሩ የሚበዛ ነው። መስከረም ላይ ጠቆረ ብሎ የቀመሰው ሰው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ጎረቤቱ ሁሉ «የዝናሽ ሆምጣጤ» ነው የሚለው። ወፎች እንኳ የእኛ ጣሪያ ላይ አርፈው የጎረቤት ኮክ ይበላሉ። የፍሬው ብቸኛ ሙያ ማቅለም ነው፤ አንዴ ነጠላ ላይ ጠብ ካለ ነጠላው ያረጃል እንጂ እሱ አይለቅም።

ወይኑን የተከሉት የእትዬ ዝናሽ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አቶ ዘገየ ናቸው። እኔ አልደረስኩባቸውም። የሰማሁት ግን ስማቸውን አክብረው የኖሩ ሰው እንደነበሩ ነው። ቅዳሴ ሲወጣ የሚገቡ፣ ለቀብር ተነሥተው ለሠልስት የሚደርሱ ሰው ነበሩ ይባላል። ችግኙን ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ የለም። ተክለው ውሃ ካጠጡት በኋላ «ዝናሽ፣ ቆይ ብቻ፣ ይሄ ወይን ይጣፍጣል» አሏቸው። እትዬ ዝናሽ ቆዩ። ወይኑ አልጣፈጠም። አቶ ዘገየም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድመው ሄዱ።

እትዬ ዝናሽ ስለ ባላቸው ሲያወሩ «እሳቸው» ይላሉ እንጂ ስም ጠርተው አያውቁም። ስለ ወይኑ ሲያወሩ ግን ይቆጣሉ። እኔ ለብዙ ጊዜ የተቆጡት በወይኑ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ለዶሮዎቻቸው ጥሬ እየበተኑ፣ «ገና ሲያልፍ ይሄን ሐረግ አስቆርጬ ዶሮ ቤት አሠራበታለሁ» አሉ።

ብርቄ ዞር ብላ እኔንም ወንበሬንም አየችን። «እና ባሌ የት ሊቀመጥ ነው እማዬ?»

«ባልሽ መቀመጫ አያጣም። ዶሮዎቼ ናቸው ያጡት።»

ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኳት። አማቱ ቤት የማይኖር ሰው ይህ አይገባውም። እቤት ውስጥ ስቀመጥ የምቀመጠው እትዬ ዝናሽ አልጋ ፊት ለፊት ነው፤ እግሬን ስዘረጋ ያዩኛል፣ ስሰበስብ ያዩኛል፣ ሳፋሽክ «እንቅልፍ አልጠገበም እንዴ?» ብለው ልጃቸውን ይጠይቋታል። ወይኑ ሥር ግን ቅጠሉ ይጋርደኛል። እዚያ ሆኜ አፋሽካለሁ። በእውነቱ ከሆነ ትዳሬን ያቆመው ያ ቅጠል ነው፤ ይህንን ለብርቄ ነግሬያት አላውቅም።

ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ቱሪስት በጠፋበት ሰሞን አስጎብኚ ማለት ወንበር የሚያሞቅ ሰው ነው፤ እኔም ወንበሬን አሞቃለሁ። ኅዳር እንደገባ አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጬ፣ ጆሮዬ አጠገብ አንዲት የተረሳች ዘለላ ተንጠልጥላ አየሁ። ፍሬዎቹ ቆዳቸው ጨማደድ ማለት ጀምሯል። ከሥራ ፈትነት በቀር አንድም ምክንያት ሳይኖረኝ አንዷን ቀጥፌ አፌ ውስጥ ጣልኳት፤ አንድ ዓይኔንም አስቀድሜ ጨፈንኩ።

ዓይኔን መጨፈኔ ከንቱ ሆነ። መጀመሪያ ጣፈጠኝ። ቀጥሎ ቆዳው መረር አለና እንደ ጌሾ ምላሴን ያዝ አደረገኝ። ከዚያ ጣዕሙም ምሬቱም ከሄዱ በኋላ አፌ ውስጥ አንድ ሽታ ቀረ። ካፊያ የነካው አፈር አይነት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ሁለተኛ ቀጠፍኩ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ዘለላዋ ስታልቅ ተነሥቼ ሐረጉን ዞሬ ፈተሽኩት፤ ጎረቤት በሆምጣጤነቱ ንቆት የተወው ፍሬ በየቅጠሉ ሥር ሞልቷል።

ያን ቀን ገባኝ። ጥፋቱ የወይኑ አልነበረም። ላስታ ብርድ ነው፤ እዚህ ገብሱም ሰውም ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። እኛ መስከረም ላይ ጠቆረ ብለን እየቀጠፍን፣ አንድ ዓይናችንን እየጨፈንን ስንሰድበው ኖርን። ኅዳር ድረስ የጠበቀው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠበቅኩትም፣ ተጎልቼ ደረሰብኝ እንጂ።

ሮጬ ለብርቄ ልነግራት ገባሁ። ከንፈሬን አይታ ደነገጠች።

«ቀለም ጠጣህ?»

«ወይኑ ጣፍጧል! ነይ ቅመሽ!»

«ልጅ እያለሁ ቀምሼዋለሁ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች። በዓለም ላይ ያንን ወይን የሚያከብር ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

በዚያው ሳምንት ሄኖክ የሚባል እንግዳ ደረሰኝ። ከአዲስ አበባ ነው፣ በእኔ ዕድሜ ነው፤ ሥራው ደግሞ ለሆቴሎች ወይን ጠጅ እየቀመሰ መምረጥ ነው። እንዲህ ያለ እንጀራ እንዳለ ባውቅ ኖሮ የሦስት ነገሥታት ታሪክ በቃሌ አልይዝም ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ይዤው ሄድኩ። ዋሻው ውስጥ ገብተን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሁልጊዜ የምለውን አልኩ። «ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም ነበር። ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር ይባላል።»

ሄኖክ አሰብ አደረገና «ድራይ ነበር?» አለኝ።

በሩ ላይ የተቀመጡት ካህን ቀና አሉ። «ምን አሉ እንግዳው?»

«ከወለሉ ሥር ስላለው ውሃ ነው የጠየቁኝ አባቴ» አልኩ። አስጎብኚነት ከያዝኩ ወዲህ ከተረጎምኩት ያልተረጎምኩት ይበልጣል።

ወደ መኪናው ስንወርድ ሄኖክ አስረዳኝ። ድራይ ማለት ስኳሩ ሁሉ በመፍላት ያለቀ፣ ምላስ ላይ የማይጣፍጥ ወይን ጠጅ ነው። እሱ የሚወደው ድራይ ቀይ ነው። በየሄደበት ግን እንግዳ ነህ እያሉ ጣፋጭ ይሰጡታል። እያዘነ ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ የሰው ሐዘን አልችልም፤ አፌ ብቻውን ተከፈተ።

«አማቴ ቤት አለ።»

«ምን?»

«ድራይ ቀይ። ከግቢያቸው ወይን።»

መንገዱ መሀል ቆመ። «ላስታ ውስጥ? ለገና እመለሳለሁ። አስቀምጥልኝ!»

ዋሸህ እንዳትሉኝ። ወይኑ አለ፤ ያልነበረው ጠጁ ነው። ለገና ደግሞ ገና ጊዜ ነበር። ቀድሞ የተነገረ እውነት ብላችሁ ያዙት። እግረ መንገዴን እንዴት እንደሚሠራ በዘወርዋራ ጠይቄ ሁሉንም አወጣጣሁት፤ ፍሬውን ጨፍልቆ፣ ከነቆዳው ማፍላት፣ ሌላ ምንም አለመጨመር። ይሄ ምን ያቅታል ብዬ እየተዝናናሁ ገባሁ።

እትዬ ዝናሽ ዶሮዎቻቸውን እያበሉ ነበር።

«እትዬ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ወይንዎን ፈልጎ ለገና ሊመጣ ነው።»

«የትኛውን ወይን?»

«ይሄንኑ።»

«ይሄን ሆምጣጤ? ምን በድሎ ነው?»

«ሙያው ነው እትዬ። ደረቅ ቀይ ወይን ነው የምፈልገው ብሏል።»

«ደረቅ?»

«ደረቅ። ጥንቅቅ ብሎ የደረቀ። አንዳች ጣፋጭ የሌለበት።»

«እንዲያ ከሆነ ለእኔ ተወው። አውቅበታለሁ።»

«እሱ እስኪመጣ ታዲያ ሐረጉ አይቆረጥም?»

«እንግዳ እየመጣብኝ ምን ብዬ እቆርጣለሁ? ከወደደው ይኑር። ካልወደደው በነጋታው አናጢ እጠራለሁ» አሉና ጥሬውን ጨርሰው በተኑ።

ይህን ንግግር ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። የትርጉም ስሕተት አላገኘሁበትም። ድራይ ማለት ደረቅ ነው። ያጠፋሁት አንዲት ቃል ነው፤ «ወይን» ስል «ጠጅ» የምትለዋን መጨመር ረሳሁ።

በማግስቱ ወደ ፍላቂት ሄድኩ። የትውልድ ቦታዬ ነው፤ የወንድሜ ገብስ የሚወቃበት ሰሞን ነበር። አውድማው ሳያልቅ የአጎቴ ሞት ተደረበበት፤ ለቅሶው ላይ ቆየሁ። ስመለስ ከሚኒባሱ ወርጄ፣ በባጃጅ ሰፈር ደርሼ፣ የግቢውን በር ስከፍት ወይኑ ባዶ ነው። አንዲት ዘለላ የለበትም። ቀና ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ አየሁ። ሰፌድ ላይ፣ ሸራ ላይ፣ ሌላው ቀርቶ የእኔው የአልጋ ልብስ ላይ፣ ጥቁር ጥቁር ነገር ተሰጥቷል። ዶሮዎቹ መሬት ላይ ተሰልፈው አንገታቸውን አጣመው ሽቅብ ያያሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አንገቴን አጣመምኩ።

«ደህና ገባህ?» አሉ እትዬ ዝናሽ ደስ ብሏቸው። «እስቲ እይልኝ። ደረቀ?»

«ምንድን ነው ይሄ እትዬ?»

«ደረቅ ወይንህ ነዋ!»

ወንበሬ ላይ የነፍስ አባታቸው መምሬ ካሳ ተቀምጠው ያኝካሉ። «ዘቢብ ነው ልጄ» አሉኝ፣ እኔ የማላውቀው መስሏቸው። «ለቅዳሴ የሚሆን የራሳችን አገር ዘቢብ! ስንት ዘመን ከገበያ ስንገዛ ኖረን፣ እቤታችን ደጃፍ ተንጠልጥሎ ኖሯል።» እኩሌታው ለካ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል። ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ለቁርባን ሊሆን ነው። በዚህ ላይ ቅር ይለኛል የሚል ክርስቲያን አይገኝም፤ እኔም አልተገኘሁም።

በቀረችው እኩሌታ ግን ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ። «እትዬ፣ ሰውየው የሚፈልገው የሚጠጣ ነው።»

«ደረቅ ነው ያልከኝ።»

«አዎ፣ የሚጠጣ ደረቅ።»

መምሬ ካሳ ማኘካቸውን አቆሙ። «የሚጠጣ ከሆነ በምን ይደርቃል? ከደረቀስ ምኑ ይጠጣል?»

ሥራዬ ትርጉም ነው፤ እኔም ከመምሬ ዘቢብ አንዷን ወስጄ ማኘክ ጀመርኩ። እትዬ ዝናሽ ፊታቸው ጠቆረ። በመሳሳታቸው አልነበረም፣ ስሕተቱን እስከ ዛሬም አላመኑም። «ድሮም የዚህ ወይን ነገር» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። አናጢው ታየኝ። ወንበሬን ይዤ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ስንከራተትም ታየኝ።

ያለኝ ዘቢብ ነው፤ በዘቢብ እሠራለሁ አልኩ። ሄኖክ ስለ ዘቢብ ያለው ነገር የለም፣ አይሆንም ግን አላለም። እትዬ ዝናሽን ለምኜ አንድ የጠላ ጋን አገኘሁና ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፌ፣ ሲለሰልስ ጨፍልቄ፣ ከነቆዳው ከነዘሩ ከደንኩት። ከዚህ በኋላ ምክር ጎረፈ። ብርቄ ስኳር ጨምርበት አለች። እትዬ ዝናሽ ጌሾ የሌለው መጠጥ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። መምሬ ካሳ «እኛ ጨምቀን እንቀድስበታለን እንጂ አናፈላውም» ብለው እጃቸውን አወጡ። እኔ ምንም አልጨምርም ብዬ ድርቅ አልኩ። በእውነት ደረቅ የነበረው እኔ ነበርኩ።

ጋኑ ዝም አለ። የላስታ ታኅሣሥ ደግሞ ሰውን እንኳ ዝም ያሰኛል። ብርድ ይዞት ይሆናል ብዬ ጋቢዬን አልብሼው እኔ ኩርምት ብዬ ተኛሁ። ብርቄ አንድ ሁለት ሌሊት ታገሠችና «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ጋኑን?» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን እትዬ ዝናሽ ያንን እያደረግኩ ደረሱብኝ።

«ምን ይልሃል?»

«ዝም ብሏል እትዬ።»

«ዝም ይላል። እሳቸውም እንደዚያው ነበሩ» አሉና አለፉ። ከዚያ ተመልሰው መጥተው የራሳቸውን ጋቢ ደረቡለት። ባመሰግናቸው መልሰው ይገፍፉታል ብዬ ፈራሁ።

ጋቢው ይሁን ሌላ እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ጋኑ መናገር ጀመረ። ጠብ ጠብ፣ ቀጥሎ ችስ፣ ቀጥሎ የሽሮ ድስት ድምፅ። ብርቄም ሳትቀር ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ሲረጋ ጊዜ በንጹሕ ሻሽ አጠለልኩት። ቀለሙ ቀይ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም፤ የጳጳስ ካባ ይመስላል። አተላውን ማለትም ቆዳውንና ዘሩን ወስጄ አጥሩ ሥር ደፋሁት። ይህም ሁለተኛው ጥፋቴ ሆነ።

ከቀትር በፊት ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ዶሮዎቹ አጥሩ ሥር ተዘርግተዋል። አንዷ በጎኗ ተኝታ በአንድ እግሯ አየሩን ትጭራለች። አውራ ዶሮው ቆሟል፤ መቆሙንም በብዙ ድካም ነው የያዘው። ሊጮህ አፉን ከፈተ፣ ግማሽ ላይ ምን እንደሚቀጥል ጠፋው፣ አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ።

እትዬ ዝናሽ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነዋል። «ወየው ፈንግል ገባብኝ! ዶሮዎቼ አለቁ! ብርቄ፣ ቢላ አምጪልኝ፣ ሳይሞት ልባርከው!»

«እማዬ ጾም ነው እኮ!»

ቢላው ሳይመጣ ቀረ። የነቢያት ጾም ነው። ቢታረድ የሚበላው የለም፤ ባይታረድ ይሞታል። አውራ ዶሮው ለገና የተዘጋጀ ዶሮ ነበር። እኔ የዶሮዎቹን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ብናገር ግን ወይኑ በዚያችው ሰዓት ይቆረጣል። የተረፈውን አተላ በእግሬ አፈር አለበስኩት። ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቼ ነበር።

ማምሻውን ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ሁሉም ወደ ውሃው ሄዱ፤ ብዙ ጠጡ። አውራ ዶሮው መጨረሻ ላይ ተነሥቶ አንድ ሰው እንኳ ሳያይ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እትዬ ዝናሽ ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ታሞ የዳነ ዶሮ ለበዓል አላርድም» ብለው ፈረዱ። ለገና ሌላ ዶሮ ተገዛ። በስካር ነፍሱ የተረፈ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ገና ደረሰ። ከተማው በእንግዳ ተጨናነቀ፤ እኔም ነፍስ ዘራሁ። በበዓሉ ማግስት ሄኖክን ይዤው ገባሁ። እትዬ ዝናሽ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። መምሬ ካሳም አሉ። ወይን ጠጁ በብርሌ ቀረበ። ሄኖክ አፍንጫውን ብርሌው ውስጥ ለማስገባት ታገለ። ብርሌ ለአፍንጫ አልተሠራም፤ በሻይ ብርጭቆ ተገለበጠለት። ብርጭቆውን ያሽከረክር ጀመር።

«ምን ገብቶበት ነው የሚያሽከረክረው?» አሉ እትዬ ዝናሽ በሹክሹክታ።

«ሙያው ነው እትዬ።»

ጎንጨት አለ። አፉ ውስጥ አንቦጫረቀው። ከዚያ ብድግ አለና ወጥቶ፣ አጥሩ ጥግ ሄዶ፣ ተፋው።

በእኛ አገር የቀረበለትን የተፋ እንግዳ ታይቶ አይታወቅም፤ በገና ማግስት ደግሞ ጭራሽ። እትዬ ዝናሽ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ያዘኑ ነው የሚመስሉት። «ብርቄ» አሉ፣ «አናጢውን ጥሪልኝ።»

ለወንበሬ አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው። ያን ጊዜ ነው ይቆጡ የነበረው በማን እንደሆነ የገባኝ። «ቆይ ብቻ» ያሏቸው ባላቸው ሳያጣፍጡላቸው ሄደዋል። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ በእንግዳ ፊት አሳፈሯቸው።

ሄኖክ አፉን እየጠረገ ተመለሰ። ብርጭቆውን አነሣና ቀሪውን ጨለጠው። ከዚያ ባዶውን ዘረጋ። «የመጀመሪያው ለሥራዬ ነበር እናቴ፤ ቀማሽ ይተፋል። ይሄኛው ለራሴ ነው። ይጨመርልኝ።»

እትዬ ዝናሽ አልተቀመጡም። «ደረቅ ነው?» አሉ በጥርጣሬ።

«አይደለም። ጣፈጥ ይላል።»

«እንዴት አይደርቅም! ጣሪያ ላይ ከርሞ?»

ሄኖክ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ፍሬውን አድርቃችሁት ነው የሠራችሁት?» ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «ውጭ አገር እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ትልቅ ወይን ጠጅ ነው የሚወጣው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ማን ነው ያሰበው?»

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ብርቄ እግሬን ረገጠችኝ።

«እኔ ነኝ ያደረቅሁት» አሉ እትዬ ዝናሽ። «እሱም ትንሽ ረድቶኛል።»

ሄኖክ ስልኩን አወጣ። «የወይኑ ስም ማን ነው? እንዲህ ያለ ፍሬ ቀምሼ አላውቅም።»

ሆምጣጤ እንዳይሉ ብዬ ሳልኩ። እሳቸው እኔን አላዩኝም። በተከፈተው በር ወደ ባዶው ሐረግ እያዩ ነበር።

«ዘገየ» አሉ።

መምሬ ካሳ ቀና አሉ። ብርቄ የያዘችውን ብርሌ አስቀመጠች። ያ ስም ከእትዬ ዝናሽ አፍ ሲወጣ ልጃቸውም ሰምታ አታውቅም።

ሄኖክ በስልኩ እየጻፈ «ዘግይቶ ስለሚበስል ነው?» አለ።

«አዎ። ቆይ ነው የሚለው» አሉ እትዬ ዝናሽ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተቆራረጠ። «ከቆዩለት ግን ይጣፍጣል።» ከዚያ ብርሌውን አነሡና ለራሳቸው ቀዱ። ጠጡት። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እኔ እንደገና ሳልኩ።

ወይኑ እንዲህ ተረፈ። በደስታዬ ግን አትቸኩሉ። አናጢው ተጠርቶ ነበርና በነጋታው መጣ። እትዬ ዝናሽም በባዶ አይመልሱትም። በወይኑ ዙሪያ አጥር አሠሩ፤ በር አለው፣ በሩ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ እሳቸው አንገት ላይ ነው። አጥሩ የተሠራው ዶሮና አማች እንዳይገባበት እንደሆነ ለመምሬ ካሳ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ዶሮ ቤቱ በወዲህ በኩል ቆመ። ወንበሬ ወይኑ ሥር ነች፤ የሚቀመጡባት ግን እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ገብተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ከማን ጋር እንደሆነ ባይታይም ያወራሉ። አንዳንዴ ያፋሽካሉ። ቅጠሉ ይጋርዳቸዋል፤ ጥሩ ጥላ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ ይኸው ዶሮ ቤቱ ጥግ ድንጋይ ላይ ነኝ። አሁን መስከረም ነው። ፍሬው ጠቁሯል። ትናንት አንዲት ጎረቤት በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ ልትቀጥፍ ስትል እትዬ ዝናሽ ከውስጥ «ተይ! አልደረሰም!» ብለው ጮኹባት። ድሮ ውሰዱልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር።

አውራ ዶሮው አጠገቤ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ተግባብተናል። በዚህ ግቢ ያንን ወይን ከማንም በፊት ያወቅነው እሱና እኔ ነን፤ ሁለታችንም በወዲህ በኩል ቀርተናል። አጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ዘለላዎቹን ሲያይ ያሳዝነኛል። ላጽናናው ብዬ፣ ኅዳር እስኪገባ ታገሥ ለማለት ያህል፣ ጎንበስ እልና በሹክሹክታ «ገና ነው» እለዋለሁ። እሱ ግን «ገና» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ክንፉን አርገፍግፎ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ትርጉም ላይ አሁንም አልተሳካልኝም።